በደጃችን ያለፈው ከራማ

በኮሮናው ጊዜ የተመሰገንኩትን ያህል በዕድሜዬ ተመስግኜ አላውቅም። ነርስ ነኝ። ከዚያ በፊት አሶሳ ውስጥ ብዙ ዓመት ስሠራ አንድ በሽተኛ «እግዜር ይስጥሽ» ካለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ፤ አብዛኛው ሰው መርፌው ስላመመው አኩርፎኝ ነው የሚወጣው። በሽታው ሲመጣ ግን ድንገት ጀግና ሆንን። በሬዲዮ ተወደስን፣ በስብሰባ ተጨበጨበልን፣ መኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ እየዞረ ስለ እኛ መሥዋዕትነት ለፈፈ። ያንን ሁሉ ምስጋና ዛሬ ሳስበው አንጀቴን አያርሰውም፤ ያሳርረኛል።

ለይቶ ማከሚያው የተከፈተው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነበር። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ግድግዳው ላይ የጻፉት የፍቅር ቃልና የሒሳብ ቀመር እንዳለ ቀርቷል፤ እኛ በአልጋዎቻቸው ላይ የሚያስሉ ሰዎች አስተኛን። አንዴ ከገባን ሁለት ሳምንት እንሠራለን፤ ከዚያም ለብቻችን ተቀምጠን፣ ተመርምረን ነው የምንለቀቀው። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። የበሽተኛ ቤተሰብ ከገመዱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ።

የሰው ምስጋና በዚያ ገመድ ሥር ነበር የሚገባው። ከባምባሲ የመጡ ሴቶች በጣሳ ማር ያመጣሉ። ልጃቸው የዳነላቸው አንድ ሽማግሌ በእጃቸው የሠሩትን የቀርከሃ ወንበር ተሸክመው መጥተው፣ ገመዱ ሥር አስቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መርቀውን ሄዱ። ወንበሩ ቆንጆ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ልጃቸውን ተቀብለው ሲወጡ ሰላምታዬን በክርናቸው እንኳ አልተቀበሉም። በአገራችን ምግብ የመጣበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ምንም ቢጠፋ አንድ ነገር ጣል ይደረግበታል። እዚያ ግን የሚመለስ ዕቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ፔርሙዙን አጥበን፣ በበረኪና ዘፍዝፈን፣ በገመዱ ላይ ስንዘረጋላቸው «ግዴለም፣ ተገልገሉበት» ይሉናል፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። አንድ ክፍል ሙሉ ሳህንና ፔርሙዝ ተከመረ። እኛን ይወዱናል፤ የነካነውን ግን አይፈልጉም።

ስንወጣማ ሌላ ነው። አባቷን ያስታመምኩላት አንዲት ልጅ ደውላ፣ አልቅሳ፣ መርቃኝ ስታበቃ «ገበያ ስታገኚኝ ግን ሰላም እንዳትዪኝ፣ እህቴ፤ ሰው ያየኛል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

የእኔ ጭንቀት ግን ምስጋናም ሰላምታም አልነበረም። እናቴ ነበረች።

እናትና አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቴ ሞቷል። ወንድሜ ግልገል በለስ ነው የሚሠራው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ሰላም አልነበረምና ከድምፁ በቀር የምናገኘው ነገር የለም። እናቴ ጭቃ አንሸራትቷት የጭን አጥንቷ ተሰብሮ ነበር፤ ድኗል ቢባልም ግድግዳ ሳትይዝ አትራመድም። ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ምስር ትለቅማለች። ውሃ ለመቅዳት፣ እሳት ጋ ለመጎንበስ፣ ሽንት ቤት ለመድረስ ግን ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። «ወደ ማከሚያው ግቢ» የሚል ትዕዛዝ ሲመጣብኝ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴን ማን ያያታል? አለቃዬ «ሁላችንም እናት አለን» አለኝ። የእሱ እናት አዲስ አበባ ሁለት ሠራተኛ አላት።

ከዚያ ጭንቅ ያወጣችኝ ጎረቤታችን ናት። የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፣ የዚያው የአሶሳ ልጅ፤ ቤቷን ከቤታችን የሚለየው የቀርከሃ አጥር ነው። በአጥሩ መሃል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ማን እንደከፈተው አይታወቅም። እሳት የሚጫረው፣ ወንፊት የሚዋሰው፣ ወሬ የሚቀዳው በዚያ ነው። አማርኛ ያስተማረቻት እናቴ ስለሆነች ዜማው የወሎ ነው፤ ሰዋስዉ ደግሞ የራሷ ብቻ። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። ቀርቤ ጭንቀቴን ስነግራት እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀችኝም።

«አንተ ሂድ፣ ኡኽቲ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «እማማ የኔ እናት ነው። ውሃ እኔ ይቀዳል። ምግብ እኔ ያመጣል። ገላ እኔ ያጥባል። ወላሂ፣ አንተ ምንም አያስብም። ኻላስ።»

ኻላስ ካለች ነገሩ አልቋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? እኔም እንደዚያው ብዬ፣ ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ ገባሁ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ያን ወፍራም የመከላከያ ልብስ አውልቄ እንደታጠብኩ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ስልኳ ራስጌዋ ነው የሚሰካው። «አሁን ገና ሄደች» ትለኛለች። «የማሽላ ገንፎ በባሚያ ሠርታ አበላችኝ። እግሬንም አሸችኝ። አብሽሪ፣ ሥራሽን ሥሪ።» ድምፅዋ የጠገበ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ቀለል ይለኛል።

ከዚያ አንድ ቀን አምቡላንሱ የጎረቤታችንን ባል ይዞ መጣ።

ባልየው ነጋዴ ነው፤ ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ፣ አሶሳ ዕቃ ሲያመላልስ ነው የሚኖረው። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሰፈሩን በሳቅ የሚገድል። ሲያወርዱት ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ቤት ውስጥ ተደብቆ ሲያስል ሰንብቶ ነው የመጣው። ጭምብልና መነጽር ስላደረግኩ አላወቀኝም። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ «እኔ ነኝ፣ ከአጥሩ ማዶ» ስለው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቅሁት። አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ለካ እሱ ከመኝታው ሳይነሳ ነው የሰነበተው፤ ስለ እናቴ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

እኔም ለእናቴ የማደርገውን ሁሉ አደረግሁለት። በሆዱ ተኛ ስንለው እምቢ ይላል፤ ይታፈንበታል፣ ይፈራል። እጁን ይዤ፣ እየለመንኩ፣ አንዳንዴም እየተቆጣሁ አስተኛዋለሁ። ኦክስጅኑ ሊያልቅ ሲል ሌላ ሲሊንደር እንዲያመጡ ከሰው ሁሉ ጋር እጣላለሁ። ገንፎ በማንኪያ አጎርሰዋለሁ፣ ላቡን እጠርጋለሁ። ሙያዬ ነው፣ ለሁሉም አደርገዋለሁ። ለእሱ ግን ከሙያም ያለፈ ነበር፤ እሱን ባገላበጥኩ ቁጥር ሚስቱ እናቴን ስታጥብ ትታየኛለች። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ። እጅ የተለዋወጥን መሰለኝ። በዚያ ሁሉ የሞት ሽታ መሃል ይህ ሐሳብ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የቆምኩት በእሱ ነው።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ክፉ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ክፉ ነው።»

«አደራሽን» አለችኝ። «እሷ እኔን እንደምታየኝ አንቺም እየው።»

«ባሏ ታሞባትም ትመጣለች?»

«መች ትቀራለች! አሁን ገና ሄደች።»

አለቀስኩ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ። ባሏ ሊሞት እያጣጣረ የሰው እናት የምታጥብ ሴት አለች፣ ዓለም ገና አልጠፋችም አልኩ። ለሥራ ባልደረቦቼም አወራሁላቸው። አንዷ «እኔስ እንዲህ ያለ ጎረቤት ባገኝ» ብላ ቀናችብኝ።

በዚህ መሃል ተተኪ ሰው ጠፍቶ ፈረቃችን ተራዘመ። ተቃወምን፣ ጮኽን፣ ቀረን። እኔ እንደሌሎቹ አጥብቄ አልጮኽኩም፤ እናቴ በደህና ሰው እጅ ናት ብዬ ነዋ። ባልየውም ቀስ በቀስ ነፍሱ ተመለሰች። መጀመሪያ ትንፋሹ ረጋ፣ ከዚያ ምግብ ጠየቀ፣ ከዚያ ስለ እኛ አለባበስና ከኩርሙክ በመኪናው ጭኗቸው ስለመጣ የሚያስሉ መንገደኞች መቀለድ ጀመረ። መቀለድ ሲጀምር ዳነ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላ» አለች፤ በጣም ረጅም አልሐምዱሊላ ነበር።

በተለቀቀ ማግስት ቤተሰቡ ከራማ ይዞ መጣ። በርታዎች ከራማ የሚሉት እኛ ቤት ሰደቃ የምንለውን ዓይነት ነው። ሰው ከሞት ሲተርፍ ፍየል ይታረዳል፤ ጎረቤት ይበላል፣ ደሃ ይበላል፣ የመጀመሪያው ሳህን ግን ላተረፈው ሰው ነው። ጎረቤታችን ሰፊ ትሪ በራሷ ተሸክማ ከፊት፣ ሴቶችና ልጆች ከኋላዋ፣ እልልታው ከሩቅ እየተሰማ ደረሱ። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው። ትሪውን ገመዱ ሥር አስቀምጣ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች።

«አላህ አንድ ጊዜ ባል ሰጠኝ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አንተ ሁለተኛ ጊዜ ሰጠኝ። እኔ እስኪሞት አንተን አይረሳም። አላህ ጀነት ይስጥህ!»

ተጨበጨበ። አለቃችን በስልኩ ፎቶ አነሳን፤ ያቺን ፎቶ በኋላ በስንት ስብሰባ ላይ እንዳሳያት። እኔ በጭብጨባው መሃል «እናቴስ?» ብዬ ጮኽኩ።

«እማማ ደህና ነው» አለችኝ። «ድምፁ እኔ ሁልጊዜ ይሰማል። ሐምዱሊላ።»

ከዚያ ዓይኗን ወደ ልጆቹ መለሰች። እኔም ወደ ምግቡ። ሥጋው ለስላሳ ነበር፣ ባሚያው በቅመም ያበደ። ሳምንታት ሙሉ የማኅበር ድስት ስበላ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ጣቴን ልሼ ነው የተነሳሁት።

ነፃ ነሽ ተብዬ የወጣሁ ዕለት ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። አንድ ባጃጅ ቆመልኝ፤ ከየትኛው በር እንደወጣሁ ሲያይ ነዳው። ጭቃውን እያቦካሁ በእግሬ ሄድኩ። ለእናቴ መምጣቴን አልነገርኳትም፤ ድንገት ላስደስታት ብዬ።

የግቢው በር አልተቆለፈም። «እማዬ!» አልኩ። «አለሁ» አለች። ድምፅዋ የመጣው ከመሬት ነው።

በረንዳው ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ስሄድ የለበሰችው ቀሚስ ነው ያለው ላይዋ ላይ። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጠምጥማዋለች። በዙሪያዋ የማንጎ ፍሬ ተበታትኗል፤ ግቢያችን ውስጥ ማንጎ አለ፣ ነፋስ ሲመታው ይረግፋል። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ሥር ድስት ተደቅኗል። ያ የጠገበ ሰው ድምፅ ከዚያ ከከሳ አንገት ነበር ለካ የሚወጣው። መሽተቷን ስላወቀች «አትጠጊኝ፣ ቆይ ልታጠብ» አለችኝ። እናቴ፣ በጁምዓ ቀን ሳትታጠብና ሽቶ ሳትቀባ ሰው የማታናግረው እናቴ።

ነጠላውን ከጉልበቷ ላይ ገለጥኩት። በጉልበቷ እየዳኸች ነው ያን ሁሉ ጊዜ ግቢውን የዞረችው። ቆዳው ተልጧል፣ አንደኛው መግል ይዟል። ነርስ ነኝ፤ ቁስል ሳይ ዕድሜውን አውቃለሁ። የቆየ ነበር።

ቀና ብዬ አጥሩን አየሁ። ቀዳዳው የለም። በአዲስ ቀርከሃ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«መቼ ነው የቀረችው?» አልኳት።

ጭንቅላቷን አቀረቀረች። «ባሏ የታመመ ዕለት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን ወሬ እኔ የሰማሁት የዚያን ቀን ከእናቴ አፍ ነው። ባልየው ሲታመም ሰፈሩ መከረ፤ በሽታው ከየት መጣ ተባለ። ኩርሙክ የተመላለሰበትን መኪና ያነሳ አልነበረም። ሚስቱ በየቀኑ የነርሷ ቤት ትገባ የለ? ከዚያ ነው ያመጣችው ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እኔ እቤት ከረገጥኩ ስንት ቀኔ! ሚስትየዋ ራሷ ከነልጆቿ ተመርምራ ነፃ ነሽ ተብላለች። እሷ ሳይዛት እንዴት ተሸክማ ወሰደችው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። አጥሩ ይደፈን ተባለ፣ ተደፈነ።

መጀመሪያ አካባቢ ጎረቤታችን ጀሪካን ውሃ አምጥታ ከበሩ ውጪ ታስቀምጥ ነበር። እናቴ ጀሪካን ማንሳት አትችልም። እየዳኸች በሩ ድረስ ሄዳ፣ በጣሳ እየቀዳች፣ ግማሹን እየደፋች ትመለሳለች። በኋላ ሰው ስላየ ያም ቀረ። የቀረው ድምፅ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ «እማማ፣ አለህ?» ትላለች። እናቴ «አለሁ» ትላለች። «ሐምዱሊላ» ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

እናቴ በዝናብ ውሃ ቆሎ እየዘፈዘፈች፣ ማንጎ እየለቀመች ኖረች። የከራማው ቀን የፍየሉ መዓዛ አጥሩን አልፎ መጣ። ለየጎረቤቱ ሳህን ሲዞር በር ሲንኳኳ ሰማች። የመጀመሪያው ሳህን ለእኔ መሆኑን ታውቃለች፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ወደ እሷ እንደሚመጣ ግን አልተጠራጠረችም። ሳህን በዝናብ ውሃ አጥባ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ያ ትሪ፣ እኔ ጣቴን የላስኩበት ትሪ፣ በእልልታ ታጅቦ በደጃችን አልፎ ነው ወደ እኔ የመጣው። ሰዎቹ በራችን ጋ ሲደርሱ ወደ መንገዱ ማዶ ጠርዝ ተሻገሩ፤ እናቴ በበሩ ክፍተት እግራቸውን አየች።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ተነሳሁ። ቀሚሴን ያዘች፤ አስለቀቅኳት። አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ እየነቀነቅኩ ጎረቤታችንን ጠራኋት፤ ጮኼ ነው፣ ሰፈሩ እንዲሰማ። ከማዶ እየሮጠች መጣች። በቀርከሃው ክፍተት ዓይኗ ይታየኛል፤ በደስታ ያበራል።

«ኡኽቲ! መጣህ!»

«እናቴን በረሃብ ልትገድያት ነበር!» አልኳት። «ውሃ እኔ እቀዳለሁ አላልሽም? ወላሂ አላልሽም?»

ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ ተናገረች።

«በሽታ ከቤትህ መጣ፣ ኡኽቲ። ሁሉ ሰው ያውቃል። የሰፈር ሽማግሌ ለቀበሌ ንገር አለኝ፤ እኔ እምቢ አለ። ልጅ አለኝ፣ ፈራሁ፣ አጥር ዘጋሁ። ግን አንተ በእጅህ ባሌን አዳነ። ከቤትህ ታመመ፣ ከእጅህ ዳነ። ከራማ አርደን ሰጠንህ። ልቤ ንጹሕ ነው። እኔ አንተን ይቅር ብሎሃል።»

ይቅር ብላኛለች። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ያ ሁሉ እልልታ፣ ያ «እስኪሞት አይረሳም»፣ ያ የመጀመሪያ ሳህን፣ ምስጋና ብቻ አልነበረም ለካ። የዕርቅ ምግብ ነው የበላሁት። ባሏን አሳምሜ ስላዳንኩት ምሬሻለሁ ተብዬ ነው የተጨበጨበልኝ።

«ባልሽ ከኩርሙክ ነው ያመጣው!» አልኩ። «ጥሪውና ጠይቂው! ስንት የሚያስል ሰው ጭኖ እንደመጣ ራሱ ነግሮኛል፣ እዚያ ማከሚያው ተኝቶ!»

ባልየው ከውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ። እየሰማ ነው። አልወጣም። እሷም ወደ ቤቷ ዞር ብላ አየች፣ ወደ እኔ ተመለሰች፣ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲሉ እሰማ ነበር፤ የባሰው ጠጠሩን የሚሰጥሽ ሰው ወርቅ የሰጠሽ ሲመስለው ነው። ልቧ ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ። ንጹሕ ባይሆን ይሻለኝ ነበር፤ መሳደብ ይቀለኝ ነበር።

ወደ እናቴ ተመለስኩ። ሁሉንም ሰምታለች። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበርና ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ?» አልኳት። «በየቀኑ እየደወልኩልሽ! አሁን ገና ሄደች፣ አበላችኝ፣ አሸችኝ... ምን ያስዋሽሻል?»

«ብነግርሽ ምን ታመጪያለሽ? ዘግተውብሽ የለም እንዴ!»

«ሰው እልክ ነበር! ከፈረቃ የወጣ ባልደረባ አለ፣ እሱ ይመጣልሽ ነበር። ወንድሜ ጋ ደውዬ... አንድ ነገር አደርግ ነበር! አንድ ቃል ብቻ፣ እማዬ!»

የማንጎውን ፍሬ በእጇ ወደ አንድ ጥግ መሰብሰብ ጀመረች፣ ግቢው ቆሽሾ ያፈረች ይመስል።

«ሰውየው እጅሽ ላይ ነበረ» አለችኝ።

«እና?»

«ብነግርሽ እጅሽ ይሰንፍበት ነበር።»

ክፋት የለውም አነጋገሯ። ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው ነው ያለችው። እኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«የወለድኩሽ እኔ ነኝ፣ አውቅሻለሁ» አለች። «ቂም ከያዝሽ አትለቂም፣ ከልጅነትሽም እንደዚያው ነሽ። አስበሽ ባታደርጊውም፣ ጠርተውሽ ትንሽ ብትዘገዪበት ይበቃው ነበር። የሰው ነፍስ በአንገትሽ ይዘሽ ከምትኖሪ እኔ ውሃ ቢጠማኝ ይሻላል።»

ውሃ አሙቄ ጉልበቷን ማጠብ ጀመርኩ። መግሉን ስጠርግ እሷ ድምፅ አላሰማችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ስለ ደግነቴ ያወራ ነበር። ማር ያመጡት ሴቶች ደግ ነሽ ብለዋል፣ ወንበር የሠሩት ሽማግሌ ደግ ነሽ ብለው መርቀዋል፣ አለቃዬም ፎቶዬን እያሳየ ደግ ናት ብሏል። ጡት ያጠባችኝ አንዲት ሴት ብቻ ተጠራጠረችኝ። ጥርጣሬዋን ደግሞ ለማንም ሳትናገር በጉልበቷ እየዳኸች ተሸከመችው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ቁስሉ ዳነ፣ እሷ ግን እንደገና ግድግዳ ይዛ አልቆመችም። ስትሞት ጎረቤታችን ከሁሉም ቀድማ መጥታ ገላዋን አጠበች፣ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ አሁን በሽታው አልፏል፣ የሚፈራ ሰው የለም። አመሰገንኳት። ሰው እንዲህ ሲያደርግልሽ ይመሰገናል።

እናቴን ግን በእነዚያ በቀሯት ወራት እያጠብኳት፣ እያጎረስኳት፣ ጸጉሯን እየጎነጎንኩላት «አይሰንፍም ነበር፣ እማዬ» ልላት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። እርግጠኛ ሆኜ ልነግራት ፈልጌ ነው። እርግጠኛ ሳልሆን ሞተች።